የቀይ ጥቅል ጎመን ኢንዲኬተር፦ ገና ሲዘጋጅ ሰማያዊ ሆነ፣ በረኪና ውስጥ ደግሞ ቀለሙ ጠፋ

የሳይንስ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሙከራ እያዘጋጀሁ ነው። ቤት ውስጥ ያሉ ፈሳሾች አሲድ ይሁኑ ቤዝ ቀይ ጥቅል ጎመን ውሃን እንደ ኢንዲኬተር (አሲድና ቤዝ ውስጥ ቀለሙን የሚለውጥ ነገር) ተጠቅመው እንዲለዩ ነው የምፈልገው። ሊትመስም ሆነ ሌላ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ) ወረቀት የለንም። ያለን የጋዝ ምድጃ፣ አልሙኒየም ድስት፣ ከፋርማሲ የተገዙ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች (መርፌያቸው ወጥቷል) እና ነጭ የፕላስቲክ ኩባያዎች ናቸው።

ጎመኑ ተከትፎ በቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ተቀቅሎ በሻይ ማጥለያ ተጠሏል። ናሙናዎቹ የሎሚ ጭማቂ፣ አቼቶ፣ ኮካ፣ ወተት፣ አምቦ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ፣ የተሟሟ ቤኪንግ ሶዳ፣ የልብስ ሳሙና ውሃ እና በረኪና ናቸው። የታዩት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

የጎመኑ ውሃ ምንም ሳይጨመርበት ወይን ጠጅ መሆን ሲገባው ሰማያዊ ነው። ሎሚና አቼቶ ፍጹም አንድ ዓይነት ቀይ ስለሚሰጡ የትኛው ይበልጥ አሲድ እንደሆነ ማሳየት አልተቻለም። በረኪናው ውስጥ ለቅጽበት አረንጓዴ ቢጤ ታይቶ ወዲያው ውሃ መሰለ። አምቦ ውሃ አዲስ ሲከፈት ወይን ጠጅ ይሰጣል፣ በማግስቱ ከዚያው ጠርሙስ የተቀዳው ግን ሰማያዊ አረንጓዴ ሆነ። ከዚህም ሌላ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጎመኑ ውስጥ ተነክሮ ሲደርቅ መልኩ ወደ ሰማያዊ ሄደ።

ቀይ ጥቅል ጎመን በወረዳ ከተሞች ስለማይገኝ በቀይ ሥር መተካት ይቻል እንደሆነም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቲትሬሽን

መምህር፣ ጎመኑ ጥፋት የለበትም። ችግሩ ያለው ድስቱ፣ ውሃውና ወረቀቱ ላይ ነው። ከድስቱ ልጀምር።

ለጎመኑ ቀለም የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባል ውህድ ነው። ይህ ውህድ በፒኤች ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ የአልሙኒየም ወይም የብረት አዮን ሲያገኝ ይይዘውና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ስለዚህ አልሙኒየም ድስትም የብረት ምጣድም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ስቴንለስ ስቲል ይሆናል። ከሁሉም የሚቀለው ግን ጭራሽ ጎመኑን አለመቀቀል ነው፤ 100 ግራም ጎመን እንደ ሰላጣ ደቆ ይከተፍና ሙቀት በሚችል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ 250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ይፈስበታል፣ ተከድኖም 15 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በሻይ ማጥለያ ይጠለላል፣ ደቃቁ እንዲቀር ደግሞ አንዴ በጥጥ ላይ ያሳልፉት። ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይወጣዋል። ለአንድ ናሙና 1 ሚሊ ሊትር ስለሚበቃ ለአንድ ክፍል ይተርፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ፣ በተለይ ከጉድጓድ የሚሳበው፣ ባይካርቦኔት (ወደ ቤዝ የሚጎትት የሟሟ ማዕድን) ይይዛል። ውሃው 20 ደቂቃ ሲንተከተክ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ባይካርቦኔቱ ብቻውን ይቀራል፤ ያኔ ፒኤቹ ከ8 ሊያልፍ ይችላል። ጎመኑ ሰማያዊ የሆነው እየዋሸ ሳይሆን የተቀቀለበትን ውሃ እየለካ ነው። በዲስቲልድ ውሃ ወይም በንጹህ የዝናብ ውሃ ያዘጋጁት። የዝናቡ ውሃ በቀጥታ ወደ ፕላስቲክ ሳፋ የወረደ ይሁን፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ አቧራም ዚንክም ይዞ ይመጣል። ዲስቲልድ ውሃ ባትሪ ከሚሸጡበት ሱቅ ሲገዙ ጠርሙሱን በደንብ አንብቡ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድ ይቀመጣል፣ እሱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ሥጋ ያቃጥላል።

በትክክል የተዘጋጀ የጎመን ውሃ ጥርት ያለ ወይን ጠጅ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ሎሚ ጠብ አድርጎ ማስተካከል ያጓጓል፤ አይደረግም። የጨመሩት ሎሚ ውስጡ ስለሚቀር እንደ ቧንቧ ውሃና ወተት ያሉ ደካማ ናሙናዎችን ሁሉ ወደ አሲድ ይገፋቸዋል። ደፍቶ እንደገና መሥራት ይሻላል።

ሎሚና አቼቶን በተመለከተ፣ ጎመኑ ሊለያቸው አይችልም። ከፒኤች 3 በታች ያለውን ሁሉ ቀይ ነው የሚለው። የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 2.6፣ ባለ 5 በመቶ አቼቶ ደግሞ 2.4 አካባቢ ነው፤ እውነትም ጎረቤታሞች ናቸው። ተማሪዎቹ እዚህ ጋ የሚማሩት ሌላ ትልቅ ነገር አለ። አቼቶውን 1 እጅ ወስደው 9 እጅ ውሃ ይጨምሩበት። አሥር ጊዜ ቀጥኗል፤ ፒኤቹ ግን ከ2.4 ወደ 2.9 ብቻ ነው የሚወጣው፣ ቀለሙም እምብዛም አይለወጥም። አሴቲክ አሲድ ደካማ አሲድ ነው፤ ሲቀጥን ቀድሞ ያልተለያየው ክፍል እየተለያየ አሲድነቱን የሚሰጠውን ሃይድሮጅን አዮን ይተካል። እንደ ሃይድሮክሎሪክ ያለ ጠንካራ አሲድ ቢሆን ኖሮ አንድ ሙሉ ደረጃ ይወጣ ነበር። «ስንት አሲድ አለ» እና «ፒኤቹ ስንት ነው» የተለያዩ ጥያቄዎች እንደሆኑ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር በቤት ዕቃ አይገኝም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት የተቀዳ የቀለም ሰንጠረዥ አትስጧቸው። የጎመኑ ዝርያ፣ ውፍረቱና ውሃው በተለያየ ቁጥር መልኩ ስለሚለያይ የሌላ ሰው ሥዕል ለእናንተ ጎመን አይሠራም። የራሳችሁን መለኪያ በዚያው ጎመን፣ በዚያው ቀን ሥሩ። ፒኤቻቸው የሚታወቅ አምስት ፈሳሾች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ ነው፤ 2 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ቀይ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ከሁሉም የሚታመነው እሱ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ነጭ አቼቶ ውስጥ 3.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። አረፋው እስኪያበቃ ይማሰላል፣ ከዚያ ሞቅ ተደርጎ ይቀዘቅዛል። ይህ መጠን ከአሲዱ ልክ ግማሹን ያመክናል፤ ግማሹ አሲድ፣ ግማሹ አሲቴት (አሲዱ ሲመክን የሚሆነው) ሲሆን ፒኤቹ 4.7 ገደማ ላይ ይቆማል፣ ትንሽ ቢሳሳቱ እንኳ ብዙም አይነቃነቅም። ጎመኑ እዚህ ላይ ሮዝ ያዘለ ወይን ጠጅ ይሰጣል። ሚዛን ከሌለ 3.5 ግራም ማለት በቢላ ጀርባ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛ ነው።

ሦስተኛው 1 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ 8.3፣ ሰማያዊ። ቤኪንግ ፓውደር አይተካውም። ፓውደሩ ከሶዳው ጋር ደረቅ አሲድ ስላለው ውሃ ሲነካው እርስ በርሱ ይመካከናል፣ ንባቡም ወደ 7 ይጠጋል።

አራተኛውን ከዚያው ሶዳ ያወጡታል። 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በደረቅ ስቴንለስ ምጣድ ላይ በመካከለኛ እሳት ግማሽ ሰዓት እየተማሰለ ይሞቃል። እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ዱቄቱ ውሃ እንደሚፈላ ይንፈቀፈቃል፤ ሲረጋ አልቋል። የሚቀረው 6.3 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ከሱ 1 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ሲሟሟ ፒኤቹ ከ11 ከፍ ይላል፣ አረንጓዴ ይሆናል። አምስተኛው ኖራ ነው፤ አንድ ማንኪያ የጠፋ ኖራ በውሃ ተበጥብጦ አድሮ ከላይ የጠለለው ውሃ 12.4 ነው፣ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መምህሩ በጓንት ይያዛቸው፤ ዓይን ይጎዳሉ።

ውሃን ለ7 መለኪያ አታድርጉት። ንጹህ ውሃ ፒኤቹን የሚይዝለት ምንም ነገር የለውም፤ ጎመኑ ራሱ ትንሽ አሲድነት ስላለው ውሃው የጎመኑን መልክ ይዞ ይቀመጣል እንጂ የራሱን አይናገርም። ከአየር በሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ እንኳ ዲስቲልድ ውሃ ወደ 5.6 ይወርዳል። ሰንጠረዡ ላይ ከ4.7 እስከ 8.3 ያለውን «መካከለኛ» ብሎ መተው ከሐሰተኛ ቁጥር ይሻላል።

አለካኩ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ 5 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ 1 ሚሊ ሊትር ጎመን፣ ከታች ነጭ ወረቀት፣ ንባቡ በአንድ ደቂቃ ውስጥ። አረንጓዴው ጠንካራ ቤዝ ውስጥ ከቆየ አንቶሲያኒኑ ስለሚፈርስ ቢጫ ይሆናል፤ ዘግይቶ ያነበበ ቡድን ሳሙናውን ከኖራ እኩል ያደርገዋል። ኮካውን በሹካ እየመቱ ጋዙን ያስወጡለትና 1 እጁን በ9 እጅ ዲስቲልድ ውሃ ያቅጥኑት፤ ቡናማው ቀለም ሲሳሳ የጎመኑ ቀይ ይታያል። ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ልጆች በየክፍሉ ይኖራሉ፣ በብዛትም ወንዶች ናቸው። የጎመኑ ሁለት ጫፎች ደግሞ ልክ እነዚህ ቀለሞች ናቸው። ብቻቸውን እንዲያነቡ አይደረግ።

ደህንነት ይቅደም

ስለ በረኪናው ከልብ አስጠነቅቃለሁ።

በመጀመሪያ የታየውን ላስረዳ። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ቤዝም ነው፣ ቀለም አጥፊም ነው። ለቅጽበት የታየው አረንጓዴ ቢጤ እውነተኛው የቤዝነት ምልክት ነበር። ቀጥሎ ሃይፖክሎራይቱ የአንቶሲያኒኑን ሞለኪውል አቃጥሎ ሰበረው። ቀለም አልባ መሆን «ገለልተኛ» ማለት አይደለም፤ መለኪያው ሞቷል ማለት ነው። ሊትመስም ሆነ ሌላ የፒኤች ወረቀት በረኪና ውስጥ እንዲሁ ይነጣል፤ መነበብ ያለበት በነካው ሰከንድ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ንቁ ተማሪ የሚያስበው ነገር አለ፤ «አሲድ ብጨምርበት ቀይ ይሆን ይሆን?» ይላል። ሎሚም ሆነ አቼቶ በረኪና ውስጥ ሲገባ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጥቂቱም ጉሮሮና ሳንባ ይጎዳል። የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲዶች ከበረኪና ጋር ሲገናኙ ከዚህ በላይ ኃይለኛ ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ለተማሪ በረኪና በእጁ አይሰጥ። ማሳየት ካስፈለገ መምህሩ ራሱ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ 1 ሚሊ ሊትር በረኪና በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥኖ በተለየ ጠረጴዛ ያሳያቸው። ያም ኩባያ በቅድሚያ በብዙ ውሃ ለብቻው ይደፋ። ሁሉም ናሙና አንድ ባልዲ ውስጥ የሚጠራቀምበት ክፍል ውስጥ በረኪና ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ አደጋው የሚመጣው በሙከራው ጊዜ ሳይሆን ዕቃ ሲታጠብ ነው።

ከላይ ለተጠቀሰው ኖራም፦ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ማጠብ ነው። «በአቼቶ ላመክነው» ብሎ አሲድ መጨመር ጉዳቱን ያብሳል።

ጓዳ ኬሚስትሪ

በቀይ ሥር አይተካም መምህር። መልካቸው ቢቀራረብም የቀይ ሥር ቀለም አንቶሲያኒን አይደለም፤ ቤታኒን ነው። ከ3 እስከ 7 ባለው ምንም አይለወጥም፣ 11 አካባቢ ሲደርስ ብቻ ወደ ቢጫ ያደላል። ተማሪው ሎሚውንም ወተቱንም የሳሙናውንም ውሃ ያንኑ ቀይ አይቶ ይመለሳል።

ወረዳ ከተማ ውስጥ የማይታጣው ቀይ ሽንኩርት ነው። ሥጋው ሳይሆን የውጭው ደረቅ ልጣጭ። ሁለት እፍኝ ልጣጭ በ200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 15 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። አንቶሲያኒን ስላለው አሲድ ውስጥ ሮዝ ይሆናል። ቤዝ ውስጥ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ አይሰጥም፤ ልጣጩ ኬርሴቲን የሚባል ሌላ ውህድም አለው፣ እሱ ቤዝ ሲነካው ይበልጥ ስለሚቢጥ የሚታየው ቆሻሻ አረንጓዴ ነው። «አሲድ» እና «ቤዝ» ብሎ ለመለየት ይበቃል፣ ደረጃ ለመስጠት አይበቃም።

ከርካዴም በየሱቁ አለ፣ ቀለሙም የሚያምር ነው። ጉድለቱ ራሱ ከባድ አሲድ መሆኑ ነው፤ የከርካዴ ሻይ ፒኤች ከ3 በታች ነው። 1 ሚሊ ሊትር ከርካዴ 5 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ቀይ ይሆናል፤ የተለካው ግን ከርካዴው ነው። ከርካዴ ከተጠቀማችሁ በጣም አቅጥኑት፣ ጠብታም ብቻ ጨምሩ፣ ቤኪንግ ሶዳንና ሳሙናን ከሎሚ ለመለየት ብቻ አውሉት።

እኔ ከልቤ የምመክረው ግን እርድን ነው። የአልጫ ወጥ የፈሰሰበት ነጭ ነጠላ በሳሙና ሲታሽ ቀይ የሚሆነውን ያላየ ልጅ የለም፤ ያ ራሱ የኢንዲኬተር ሙከራ ነው። የእርዱ ኩርኩሚን ከ7.4 በታች ቢጫ ነው፣ ከ8.6 በላይ ቀይ ቡናማ። ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በ50 ሚሊ ሊትር ባለ 70 በመቶ የፋርማሲ አልኮል ይበጠበጥና 10 ደቂቃ ሲያርፍ ከላይ ያለው ይቀዳል። ምድጃ በበራበት ክፍል አይሠራም፤ አልኮሉ እሳት ይይዛል። በረኪናም አጠገቡ አይድረስ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ ነክሮ በጥላ ማድረቅ ብቻ ነው። ቤኪንግ ሶዳ እላዩ ላይ ሲንጠባጠብ ቢበዛ ብርቱካንማ ይላል፣ የሳሙና ውሃና የተጠለለ የአመድ ውሃ ግን ደማቅ ቀይ ያደርጉታል። ያንኑ ቦታ በሎሚ ሲነኩት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ከጎመኑ የሚለየው አሲድን ከገለልተኛ መለየት አለመቻሉ ነው፤ ለሎሚም ለውሃም ያው ቢጫ ነው። ጎመን በሌለበት ቦታ የሽንኩርቱን ልጣጭ ለአሲዱ ወገን፣ እርዱን ለቤዙ ወገን አድርጎ አንድ ላይ መጠቀም ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

የውሃ ጥራት

ስለ አምቦ ውሃው ያዩት ነገር ስህተት አይደለም። እንዲያውም ከዝርዝርዎ ሁሉ የሚያስደንቀው ናሙና እሱ ነው።

አምቦ ውሃ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ብዙ ባይካርቦኔት። የመጀመሪያው ወደ አሲድ ይጎትታል፣ ሁለተኛው ወደ ቤዝ። የሁለቱ መጠን እኩል ሲሆን ፒኤቹ 6.3 አካባቢ ነው፤ ጋዙ ሲበዛ ይወርዳል፣ ጋዙ ሲቀንስ ይወጣል። አዲስ የተከፈተ ጠርሙስ ወይን ጠጅ የሰጠው ለዚህ ነው። አድሮ ጋዙ ሲበር ባይካርቦኔቱ ብቻውን ቀረ፣ ፒኤቹም ከ8 አለፈ።

ይህንን በ10 ደቂቃ ማሳየት ይቻላል። ከአንዱ ጠርሙስ ሦስት ኩባያ ይቀዳል። አንዱ ወዲያው ይለካል። ሁለተኛው በሹካ ለ3 ደቂቃ ተመትቶ ይለካል። ሦስተኛው በስቴንለስ ዕቃ 5 ደቂቃ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ ይለካል። ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ሲሄድ ይታያል። የፈላው ኩባያ ግርጌ ላይ ነጭ ዝቃጭ ካዩ እሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነው። ከዚያ አንዱ ተማሪ በስትሮ ሁለተኛው ኩባያ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይተንፍስበት፤ ከሳንባ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለሙን ወደ ወይን ጠጅ ይመልሰዋል። መንፋት ብቻ፣ መሳብ የለም፤ ስትሮውም ለየአንዱ ተማሪ የራሱ ይሁን።

ለማነጻጸር ተራ ውሃ በጋዝ ተሞልቶ የሚሸጠውን ሶዳ ውሃ ውሰዱ። ባይካርቦኔት ካልተጨመረበት 4 አካባቢ ነው፣ ጋዙ ሲወጣ ግን ቤዝ አይሆንም፤ ወደ ገለልተኛ ብቻ ነው የሚመለሰው። ሁለቱም ጋዝ ያላቸው ውሃዎች ናቸው፤ ልዩነቱ አምቦው ከምድር ውስጥ ይዞት የመጣው ባይካርቦኔት ነው። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ይኸው ነገር እስከ ጥጉ ሄዷል፤ የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ውሃ ሶዳ ስላለበት ፒኤቹ ከ9 በላይ ነው።

የእንቁላል ነጩም ክፍል በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ዶሮዋ ዛሬ የጣለችው እንቁላል ነጭ 7.6 አካባቢ ነው፤ እያደረ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ከ9 ያልፋል። የዛሬና የአሥር ቀን እንቁላል ጎን ለጎን ጎመን ሲንጠባጠብባቸው አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ ሲሆን ይታያል።

የሳይንስ መምህር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎመኑ በዲስቲልድ ውሃ ተዘፍዝፎ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጥቷል፣ በአቼቶና ሶዳ የተሠራው መለኪያም ሮዝ ያዘለውን ቀለም ሰጥቷል። በረኪናው ከዝርዝሩ ወጥቷል። ሁለት ነገር ይቀረኛል፤ የወረቀቱ ጉዳይና፣ ተማሪዎቹ ቤታቸው ወስደው የሚከታተሉት ነገር ቢኖር እርሾ ይሆን እንደሆነ። የጎመኑስ ውሃ ስንት ቀን ይቆያል?

ቲትሬሽን

የፎቶ ኮፒ ወረቀት እንዲነጣና እንዲጠነክር ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል፤ ወረቀቱ ራሱ ቤዝ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይነካው ሰማያዊ ይሆናል፣ ደካማ አሲድ ቢንጠባጠብበትም ወረቀቱ ያመክነዋል። የሚሠራው የላብራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት ወይም የቡና ማጣሪያ ወረቀት ነው። ሁለቱም ከሌሉ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በዲስቲልድ ውሃ ብቻ ሁለት ጊዜ ይቀቀል፤ የቀረ ሳሙና ካለበት ያው አረንጓዴ ነው የሚሆነው። ሶፍት ቀለሙን ይይዛል ግን እርጥብ ሲሆን ስለሚበጣጠስ ጠብታ ብቻ ይጣልበት እንጂ አይነከር።

ለወረቀት የሚሆነው የጎመን ውሃ ወፈር ይበል፤ ግማሹ እስኪቀር በዝግታ ይተን። ወረቀቱ 5 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፣ ከፀሐይ ውጪ በጥላ ይደርቃል፣ እንደገና ይነከራል። ሲደርቅ 1 በ5 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥና በደረቅ፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ይቀመጣል። በእርጥብ እጅ ወይም ሳሙና በነካው እጅ አይነካ። ከፈሳሹ ይልቅ ቀለሙ የደበዘዘ ስለሚሆን መለኪያዎቹንም እዚያው ወረቀት ላይ አንጠባጥቡ፤ የኩባያውን ሰንጠረዥ ለወረቀቱ አትጠቀሙ።

የጎመኑ ውሃ በማቀዝቀዣ ከአራት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። መበላሸቱን ሽታው ይነግራችኋል፤ ከሽታው በፊት ደግሞ መልኩ ወደ ቀይ ማዘንበል ይጀምራል፣ ምክንያቱም መፍላት ሲጀምር አሲድ ያወጣል። ለረጅም ጊዜ ከሆነ በበረዶ መሥሪያ ቅርጽ አቀዝቅዛችሁ በየተራ ማቅለጥ ነው። ወይም 2 እጅ ጎመን ውሃ ላይ 1 እጅ ባለ 70 በመቶ አልኮል ይጨመር። በአቼቶ «ላቆየው» የሚል ምክር ካያችሁ አትቀበሉት፤ ለምግብ እንጂ ለኢንዲኬተር አይሆንም።

ጓዳ ኬሚስትሪ

እርሾው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ነጭ ጤፍ ይሁን፤ የቀይ ጤፍ ሊጥ ውሃ የራሱ ቡናማ ቀለም ስላለው ጎመኑን ይሸፍነዋል። ሊጡ በተቦካ ዕለት፣ ከዚያም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከላይ ከሚጠልለው ውሃ 5 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ቀስ ብሎ፣ ሊጡን ሳይነካ ይቀዳል። የመጀመሪያው ቀን ገና ስላልጠለለ በጥጥ ይጣራ። አሮጌ እርሾ ከተጨመረበት ከጅምሩ ሮዝ ሊል ይችላል፤ ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ ትንሽ ሊጥ ያለ እርሾ ለብቻው በብርጭቆ ይቦካ። በሦስት ቀን ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ፒኤቹን ከ4 በታች ያወርዱታል፤ ቀለሙም ከወይን ጠጅ ተነስቶ በሮዝ አልፎ ቀይ ይደርሳል። ቆላ ላይ ከደጋ ይልቅ ስለሚፈጥን ልጆቹ ሊጡ የተቀመጠበትን ቦታም አብረው ይመዝግቡ፤ ጭስ ቤት አጠገብና ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ አንድ አይሆንም።

ወተት ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ ደግሞ እርጎን በአጓት ለኩት። ወተት 6.6 ገደማ ቢሆንም ንጣቱ ቀለሙን ስለሚያፈዝዘው የሚታየው ፈዛዛ ወይን ጠጅ ብቻ ነው። ከአይብ የወጣ አጓት ግን ጥርት ያለ ነው፣ 4 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ስለሚሆን ከአቼቶና ሶዳው መለኪያ አጠገብ ሲቀመጥ ሮዝነቱ ጥቂት ይበልጣል። ሞቅ እያለ አትለኩት፣ ይቀዝቅዝ፤ የተጨመረበት ጎመን ውሃ ያለበት ናሙና ሁሉ ደግሞ ከሙከራው በኋላ ይደፋ እንጂ አይቀመስ።

ደህንነት ይቅደም

አንድ ልጨምር። ሲሪንጆቹ ላይ በማርከር ጻፉባቸው፤ ለአሲድ አንድ፣ ለቤዝ አንድ፣ ለጎመን አንድ። ያልታጠበ ሲሪንጅ ጎመኑ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ የቀረበት ሳሙና የጠርሙሱን ቀለም ወደ ሰማያዊ ሊገፋው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚለካው ቡድን ሁሉ የተሳሳተ ውጤት ያገኛል። የጎመኑ ሲሪንጅ በናሙናው ላይ ከፍ ብሎ ያንጠባጥብ፣ ጫፉ ፈሳሹን አይንካ።

የሳይንስ መምህር

ተቀብያለሁ። ሊጡ ያለ እርሾ በብርጭቆ፣ አንዱ ምድጃ አጠገብ አንዱ ጓዳ ውስጥ ሆኖ ሰኞ ይጀመራል፤ በየቀኑ ጠዋት ከመምጣታቸው በፊት ይለካሉ። የቀለሙን ዝርዝር ሐሙስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።